ሕፃን ልጅ በራሷ እንድትተኛ ማስለመድ፦ ከጎንደር የአንዲት እናት ተሞክሮ

ልጃችን ዘጠኝ ወር እስኪሞላት ድረስ የምትተኛው ጡት ይዛ፣ በአያቷ ጀርባ በአንቀልባ ታዝላ ወይም በአባቷ ክንድ ላይ እየተወዘወዘች ነበር። ሌሊት ስትባንንም ከእነዚህ አንዱን ካላገኘች ዓይኗን አትከድንም፤ ንቃቷም በየሰዓቱ ይደጋገም ስለነበር ከቤተሰቡ ሙሉ ሌሊት የሚተኛ ሰው አልነበረም። እኔ መምህርት ነኝ። ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው የ90 ቀን ፈቃድ ካለቀ ወዲህ በየጠዋቱ ክፍል ውስጥ መገኘት ነበረብኝና ሰሌዳው ላይ የጻፍሁት ሁሉ እየተደበላለቀብኝ የማስተምርባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ። ይህን የምጽፈው በተመሳሳይ ሁኔታ ውስጥ ላሉ ወላጆች ነው። ስለ ሕፃናት እንቅልፍ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ለሕፃኑ የተለየ ክፍል ባለበት፣ ከአባትና ከእናት በቀር ሌላ ሰው በሌለበት ኑሮ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የእኛ ቤት ግን በሁለት ክፍል አያት፣ ዘመድና ልጅ አብረው የሚያድሩበት፣ ግድግዳውም ከጎረቤት ጋር የጋራ የሆነ ነው። ከባዱ ሥራ በአዋቂዎቹ መካከል ስምምነት መፍጠር ነበር፤ ስለዚህ በብዛት የምጽፈው ስለዚያ ነው።

በመጀመሪያ ሕፃናት ሌሊት ለምን እንደሚነቁ መረዳታችን ብዙ ነገር አቅልሎልናል። ማንም ሰው ሌሊቱን ሙሉ አንድ ወጥ እንቅልፍ አይተኛም። አንድ የእንቅልፍ ዙር በአዋቂ ላይ 90 ደቂቃ ያህል ሲፈጅ በሕፃን ላይ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ሲታለፍ ሁላችንም ለአፍታ ነቃ እንልና ዙሪያችንን ስንተኛ እንደነበረው ሆኖ ካገኘነው ሳይታወቀን ተመልሰን እንተኛለን። በአያቷ ጀርባ ሙቀት ተኝታ ፍራሽ ላይ የምትነቃ ልጅ ግን ነገሩ ሁሉ ተለውጦ ስለሚጠብቃት ታለቅሳለች፣ ያንኑ ያስተኛትን ነገርም ትፈልጋለች። የሌሊቱ ንቃት የሚስተካከለውም ማታ ገና ሳትተኛ በመኝታዋ ላይ እንድትሆንና እንቅልፉ እዚያው እንዲወስዳት በማድረግ ነው። ይህን ከአራት ወር በፊት መሞከር አይገባም፤ በዚያ ዕድሜ ቀንንና ሌሊትን የሚለየው የሰውነት ሥርዓት ገና አልጠናም፣ ሆዱም ትንሽ ስለሆነ ሕፃኑ ሌሊት መጥባት ያስፈልገዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን የቀኑ እንቅልፍ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት፣ የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት። እኔና ባለቤቴ ልጃችን የምትተኛበትንና የምትነቃበትን ሰዓት በደብተር ላይ ለጥቂት ቀናት ስንመዘግብ ያገኘነው ያልጠበቅነውን ነበር፤ ድምሩ ከሚያስፈልጋት ያነሰ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ በአያቷ ጀርባ ላይ እስከ 11 ሰዓት ድረስ ስለምትተኛ ማታ 2 ሰዓት ላይ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጠገቧ አይደርስም ነበር። ማንኛውም ወላጅ ሌላ ነገር ከመጀመሩ በፊት ይህን ምዝገባ እንዲያደርግ አጥብቄ እመክራለሁ።

ስለ ዘዴዎቹ ብዙ አነበብሁ። በሰፊው የሚታወቀው በ1985 (እ.ኤ.አ.) የቦስተኑ ሐኪም ሪቻርድ ፈርበር ያስተዋወቁት ነው፤ ወላጅ ልጁን ሳይተኛ መኝታው ላይ አስቀምጦ ይወጣል፣ ሲያለቅስም የመቆያ ጊዜውን ደረጃ በደረጃ እያራዘመ ለአጭር ጊዜ ብቻ እየተመለሰ ያጽናናዋል። በአሜሪካ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ግምገማ ስለ ልዩ ልዩ የማስለመጃ ዘዴዎች የተደረጉ 52 ጥናቶችን አሰባስቦ 94 በመቶዎቹ ጥሩ ውጤት ማሳየታቸውን ገልጿል። ለቅሶው ልጁን ለዘለቄታው ይጎዳዋል ብለው ለሚሰጉ ደግሞ በአውስትራሊያ 326 ሕፃናት የተካተቱበት ጥናት አለ፤ ልጆቹ 6 ዓመት ሲሞላቸው በተደረገው ክትትል በስሜታቸው፣ በጠባያቸውም ሆነ ከወላጆቻቸው ጋር ባላቸው ቅርበት ጉዳት አልታየም፣ ዘላቂ ብልጫም አልተገኘም። ይህ ለእኔ ሁለት ነገር ነገረኝ። ዘዴውን መሞከር ልጄን አይጎዳትም፤ አልሞክርም የምትል እናትም ልጇን ከምንም አላጎደለችም። ይህን ሁለተኛውን ነገር የሚናገር ሰው ስለማይገኝ ደግሜ እላለሁ፦ ከልጇ ጋር ተኝታ ሌሊት እያጠባች ያልተቸገረች እናት ምንም መለወጥ የለባትም። ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ድካሙ ከአቅም በላይ ለሆነበት ቤት ነው።

ልጅን ብቻዋን ትቶ መውጣት ግን ለእኛ የሚሆን አልነበረም። ወጥተን የምንገባበት ሌላ ክፍል የአያቷ የእማማ መኝታ ነው፤ ደግሞም ከስምንት ወር ገደማ ጀምሮ ሕፃናት ከወላጅ መለየትን አብዝተው የሚፈሩበት ጊዜ ነው። ስለዚህ አጠገቧ ተቀምጦ ቀስ በቀስ መራቅ የሚባለውን መረጥን። ከአልጋችን ጎን በአናጺ የተሠራ፣ ርብራቡ የጠበበ የሕፃን አልጋ አስገባን፤ ጠንከር ያለ የስፖንጅ ፍራሽ ብቻ አነጠፍንበት፣ ትራስም ሆነ ወፍራም ጋቢ አላደረግንበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የባለቤቴ እናት ከደምቢያ መጥተው አብረውን የሚኖሩት ልጃችንን ለማሳደግ ሲሉ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ስውል ልጄን በሙሉ ልብ ትቼ የምሄደው እሳቸው ስላሉ ነው። ያሰብነውን ስንነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «አንች ልጄ፣ እኔ ይህን ሁሉ ልጅ ሳሳድግ አንዱንም በጨለማ አላስለቀስሁም፤ እምብርቷ ቢወጣስ?» አሉኝ። ለቅሶ እምብርት ያወጣል የሚለው እምነት በአካባቢያችን የጸና ነው። ከእሳቸው ጋር መከራከር ተገቢም፣ ጠቃሚም ሆኖ አልታየኝም። ልጅቱ በዘጠኝ ወሯ የኩፍኝ ክትባት የምትወስድበት ቀን ቀርቦ ስለነበር እሳቸውንም ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድሁ፤ ስጋታቸውንም ራሳቸው ለባለሙያዋ እንዲነግሯት አደረግሁ። ባለሙያዋ በአክብሮት ሰምታቸው፣ የሕፃናት እምብርት የሚገፋው በእምብርቱ ዙሪያ ያለው ጡንቻ በደንብ ሳይገጥም ሲቀር እንደሆነ፣ ልጅ ሲያለቅስ ጎልቶ ይታያል እንጂ ለቅሶው እንደማያመጣው፣ አብዛኛውም ልጁ አራት ወይም አምስት ዓመት እስኪሞላው በራሱ እንደሚዘጋ አስረዳቻቸው። የልጅቱን ክብደት መዝና በዕድገት መከታተያ ካርዱ ላይ ካየች በኋላም ሌሊት የምትጠባውን መቀነስ እንደምንችል፣ ነገር ግን ጡት ማጥባቱን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ መቀጠል እንዳለብኝ ነገረችኝ። እማማ በመንገድ ላይ ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ ካልጎዳት ምን አገባኝ» አሉ። ይህ ከእኔ ወይም ከልጃቸው አንደበት ቢመጣ ኖሮ ተቀባይነት አያገኝም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ሰሞን አንዲት ዘመዳችን ልጅቱ የማትተኛው እንጥሏ ወርዶ እንደሆነና ማስቆረጥ እንደሚያስፈልግ፣ ካልሆነም ግግ ማስወጣት እንደሚሻል መከረችን። በዚህ ላይ ግን ለማንም ቢሆን ማመቻመች አይገባም። እንጥል መቁረጥም ሆነ የሕፃንን ድድ ወግቶ ገና ያልበቀለውን ጥርስ ማውጣት ለከባድ የደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፣ በኋላ የሚበቅለውንም ጥርስ ያበላሻል፤ እንቅልፍ የሚያመጣበት መንገድም የለም። እማማ ራሳቸው «ይህንስ አላስነካትም» ብለው ዘመዳችንን መለሷት።

ከእማማ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነው። ቀን ቀን ልጅቱን ማዘል፣ እሹሩሩ ማለትና ማስተኛት የእሳቸው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለው እንቅልፏ ግን 9 ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃል። ማታ ከመኝታ በፊት አቅፈው የሚመርቋትም እሳቸው ናቸው። ከምርቃቱ በኋላ እስኪነጋ ድረስ ግን ብትነቃ የሚነሣው እኔ ወይም ባለቤቴ ብቻ ነን። አያትን ከልጁ የማራቅ ምክር የሚሰጡ ሰዎች በእኛ ኑሮ ምን ያህል ቅሬታ እንደሚፈጥር ያሰቡበት አይመስለኝም። ለእሳቸው የተለየ ድርሻ መስጠታችን የቤቱን ሰላም ጠብቆልናል፤ ልጅቱም ምርቃቱን ስትሰማ የመኝታ ሰዓት መድረሱን ማወቅ ጀመረች።

ይህ ስምምነት የግድ የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። አንድ ሌሊት አባቷ ሲያረጋጋት፣ በማግስቱ አያቷ ቢያዝሏት፣ በሦስተኛው ሌሊት እኔ ባጠባት፣ ልጅቱ የምትማረው ረጅም ጊዜ ካለቀሰች የፈለገችው እንደሚመጣ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜም ከበፊቱ አብልጣ ታለቅሳለች። እንዲህ እየተቆራረጠ ከሚሞከር ባይጀመር ይሻላል።

የማታው ሥርዓት ቀላል ነበር። እዚህ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትጠልቀው በ12 ሰዓትና በ1 ሰዓት መካከል ስለሆነ የመሸበትን ሰዓት ከመኝታ ጋር ማያያዝ አያስቸግርም። በጎንደር ውኃ በየቀኑ ስለማይመጣ ገላዋን በየማታው ማጠብ አልቻልንም፤ በጆግ በሞቀ ውኃ ፊቷን፣ እጇንና እግሯን ብቻ እናጥባታለን። ከዚያ የሌሊት ልብሷን ለብሳ፣ ሳሎን ውስጥ መብራት በርቶ ሳለ ትጠባለች። ጡቱን ከመኝታው ክፍል አውጥተን ወደ ሥርዓቱ መጀመሪያ ማምጣታችን፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ካደረግነው ሁሉ የበለጠ ጠቅሟል፤ ጠግባ ትገባለች፣ ግን እየጠባች አትተኛም። ቴሌቪዥኑ ከዚያ ሰዓት በፊት ይዘጋል። ማታ ቡና ሲፈላ ልጆችን አስቀምጦ ማምሸትም በእኛ ቤት ቀርቷል፤ ቡናው ወደ 10 ሰዓት ተዛወረ።

ከ2 ሰዓት አልጀመርንም። መጀመሪያ በእርግጥ እንቅልፍ በሚወስዳት በ3 ሰዓት ተኩል ገደማ እናስገባትና፣ ቶሎ መተኛት ስትለምድ ሰዓቱን ሩብ ሰዓት ሩብ ሰዓት እያስቀደምን ወደ 2 ሰዓት እናቀርበው ነበር። አልጋው ላይ ስትሆን ባለቤቴ በርጩማ ላይ አጠገቧ ተቀምጦ እጁን ደረቷ ላይ ያሳርፋል፣ ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ዓይነት ቃል ይደጋግምላታል። እሱ የሆነበት ምክንያት የወተቱን ሽታ ከእኔ ላይ ስለምታገኝ፣ እኔን ስታይ ጡት ከመፈለግ ውጭ ሌላ ነገር ስለማታስብ ነው። ስትቆም መልሶ ያስተኛታል፣ አያነሣትም። ለቅሶዋ ከልክ ካለፈ አንሥቶ ያረጋጋታል፤ ዝም ስትል ግን ሳትተኛ ይመልሳታል።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከባድ ነበሩ። እኔ ሳሎን ውስጥ ከእማማ ጋር ተቀምጬ ስሰማ ወተቱ በራሱ ይፈስስ ነበር፤ እማማም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ዞር ይላሉ። ትንሽ መሻሻል ካየን በኋላ ደግሞ ለቅሶው እንደገና ተባባሰ። ብዙ ሰው የሚተወው እዚህ ላይ ስለሆነ ቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል፤ አንድ ልማድ ሊለቅ ሲል ለጥቂት ጊዜ ብሶበት ይታያል፤ በዚያ ቅጽበት ወደ ቀድሞው መመለስ ልማዱን ያጸናዋል። እኛ ጸናን፣ ከዚያም ለቅሶው ወደ መነጫነጭ፣ መነጫነጩም ወደ ማጉረምረም ወረደ። ከዚህ በኋላ በርጩማው ወደ በሩ፣ ከበሩም ወደ መጋረጃው ማዶ ሄደ። ሌሊት የምትጠባውንም በአንድ ጊዜ አላቋረጥሁም፤ እኩለ ሌሊት ላይ የምትጠባውን አንዱን አስቀርቼ የሌሎቹን ጊዜ እያሳጠርሁ ሄድሁ።

ስለ ግቢው ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ አገር የሕፃን ለቅሶ ሰምቶ ዝም የሚል ጎረቤት የለም፤ ይህም ልናጣው የማይገባ ነገር ነው። ስለዚህ ከመጀመራችን በፊት ቡና አፍልተን ጠራናቸውና ልጅቱን እንቅልፍ ልናስለምዳት እንደሆነ፣ አባቷ አጠገቧ እንደሚሆን፣ ብትታመም ግን እኛው እንደምንጠራቸው ነገርናቸው። ባንነግራቸው ኖሮ በመጀመሪያው ሌሊት በሩ ይንኳኳ ነበር፣ ልፋቱም በዚያው ያበቃ ነበር።

መብራት ሲጠፋ ለእንቅልፍ ጥሩ ነው፣ ሲመለስ ነው ችግሩ፤ ስለዚህ ከመተኛታችን በፊት ማብሪያ ማጥፊያውን ሁሉ አረጋግጠን እንዘጋለን። ውኃ ሌሊት ሲመጣ ጀሪካን መሙላት የማይቀር ስለሆነ ጀሪካኖቹን ከመኝታ ክፍሉ ራቅ አድርገን አስቀመጥን። በየወሩ በ24 ከአዘዞ ተክለ ሃይማኖት በድምፅ ማጉያ የሚሰማው የሌሊት ማሕሌት ግን አንድም ቀን ቀስቅሷት አያውቅም፤ ሕፃናት የለመዱት ድምፅ አይረብሻቸውም።

የጎንደር ሌሊት በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ይቀዘቅዛል። አንዳንድ ቤት ልጁ እንዲሞቀው ተብሎ የከሰል ማንደጃ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ቤተሰብን በሙሉ ሊገድል ይችላልና እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ልብስ መደራረብ ይበቃል። ሕፃኑ በጀርባው ይተኛ፤ በተለይ ጠላ ወይም አረቄ የጠጣ ሰው ከሕፃን ጋር በአንድ አልጋ መተኛት የለበትም።

እንቅልፍ የሚያሳጣ ሕመም እንደሌለ ማረጋገጥም ይገባል። ጆሮውን የሚጎትት፣ የሚያተኩሰው ወይም ከጆሮው ፈሳሽ የሚወጣ ልጅ መታከም አለበት። ዘወትር የሚያንኮራፋና ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ቆም የሚልበት ልጅ ቶንሲሉ አብጦ ሊሆን ይችላል፤ የደም ማነስም እንቅልፍን ያውካል። ለእነዚህ ማስለመድ መፍትሔ አይሆንም።

ልማዱ ከተያዘ በኋላም የሚያፈርሱት ነገሮች አሉ። ለጥምቀት ከደምቢያ ዘመዶች መጥተው ቤቱ ሲሞላ ልጅቱ በአራት ሰው መካከል አደረች። በከተማችን ተኩስ በተሰማባቸው ሌሊቶች ደግሞ ስለ ልምምድ ማሰብ ቀርቶ ሁላችንም በአንድ ክፍል ወለል ላይ ተኝተን ነበር፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ ልጅን አቅፎ ከማደር ሌላ ማሰብ አያስፈልግም። ስትታመምም እንዲሁ አዝለናታል፣ አጥብተናታል። ነገሩ ሲረጋጋ ግን ሥርዓቱን ከመጀመሪያው እንጀምረዋለን፤ ጡት በሳሎን፣ ምርቃት፣ አልጋ፣ በርጩማ። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው በጣም ያጥራል።

በግቢያችን ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ እናት አለች። ይህን ሁሉ ስታይ «እኔ በማን ላይ ልደገፍ?» ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ክፍል ብቻ ስላላት በርጩማ የማራቅ ዘዴ ለእሷ አይሆንም። ስለዚህ ልጁን ከራሷ ጎን በተለየ ፍራሽ ላይ አስተኝታ፣ ማታ መጀመሪያ ላይ በእጇ መታ መታ እያደረገች እዚያው እንዲተኛ ብቻ አስለመደችው፤ ሌሊት ሲነቃ እንዳስፈላጊነቱ ታጠባዋለች። በከባዶቹ ማታዎች እማማ ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ፤ ልጁን ሳይነኩ እሷን ያበረቱ ነበር። አሁን ልጁ ከምሽቱ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ሳይነቃ ይተኛል፤ እሷም ይህ እንደሚበቃት፣ ሌላ ለመጨመር እንደማትፈልግ ነግራኛለች።